ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ያው መጠይቅ፣ ሁለት ውጤት

ጥያቄ፦ የ41 ዓመት ሰው ነኝ። በመሥሪያ ቤታችን የጤና ምርመራ ላይ ስለ መጠጥ 10 ጥያቄ ያለው ወረቀት ሞልቼ 5 ነጥብ አገኘሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ጨጓራዬን አሞኝ ክሊኒክ ስሄድ ነርሷ ያንኑ በቃል ጠየቀችኝ፤ 12 ወጣ። ባለቤቴም አጠገቤ ነበረች። አርብ አርብ አራት ቢራ ነው የምጠጣው፣ ደመወዝ ሲወጣ አምስት። እንዲህ የሚለዋወጥ ምርመራ ይታመናል?

መልስ፦ ይታመናል፤ አጠያየቁ ሲቀየር ግን ውጤቱም ይቀየራል። የሞሉት ኦዲት የሚባለውን የዓለም ጤና ድርጅት መጠይቅ ይመስላል። የሚታረመው ከ40 ነው፤ 8 እና ከዚያ በላይ ከሆነ አጠጣጡ ያሰጋል።

ሰባቷ ነጥብ ከየት መጣች? ልገምት። ወረቀቱ «በሚጠጡበት ቀን ስንት መጠጥ ይወስዳሉ?» ሲል እርስዎ 4 ብለዋል። መጠይቁ ግን አንድ መጠጥ የሚለው 10 ግራም አልኮል ነው። 330 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ባለ 5 በመቶ ቢራ 13 ግራም ገደማ አለው። ስለዚህ አራቱ ጠርሙስ አምስት መጠጥ ሆኑ፤ 1 ነጥብ ተጨመረ። የደመወዝ ዕለቱ አምስት ጠርሙስ ደግሞ ከስድስት መጠጥ አለፈ። «ስድስትና ከዚያ በላይ በየስንት ጊዜው?» ለሚለው «በጭራሽ» የነበረው «በየወሩ» ሲሆን 2 ነጥብ። የቀረችው 4 የመጨረሻው ጥያቄ ላይ ናት፦ ቤተሰብ ወይም ወዳጅ ቀንስ ብሎዎት ያውቃል? ለብቻዎ ሲሞሉ «የለም»። ባለቤትዎ ዓይን ዓይንዎን እያየች ግን... ይቅርታ፣ ሳነበው ፈገግ አልኩ።

መጠይቅ አስተማማኝ መሆኑ ሲፈተን ያው ሰው ከአንድ ሁለት ሳምንት በኋላ በዚያው መንገድ ይጠየቃል። ቀኑ ካጠረ የቀድሞ መልሱን ያስታውሳል፤ ከረዘመ አጠጣጡ ራሱ ይለወጣል። ወይም ሁለት ጠያቂዎች ለየብቻ ይጠይቁትና ነጥባቸው ይነጻጸራል። በእርስዎ ላይ ግን ሁሉም ባንዴ ነው የተቀየረው። ደግሞም ሁለቴ አንድ ዓይነት ውጤት መምጣቱ ብቻውን እውነት አያደርገውም። ሁሌ መቶ ግራም የሚሰርቅ የሥጋ ቤት ሚዛንም አቋሙን አይለውጥም።

እኛ አገር ጣጣው ይብሳል። የጠላና የጠጅ ጥንካሬ ከቤት ቤት ይለያያል፤ አረቄው በመለኪያ ነው። ስለዚህ እኔ «ስንት መጠጥ?» አልልም። «በምን? በጣሳ ነው በብርሌ?» ብዬ ራሴ አሰላለሁ። ጫትን ደግሞ ይህ መጠይቅ አያነሳውም፤ ለብቻው መጠየቅ አለበት።

እኔ የማምነው 12ቱን ነው። ሱሰኛ ነዎት ማለት አይደለም፤ ኦዲት ማጣሪያ እንጂ ምርመራውን የሚጨርስ አይደለም። ጨጓራዎ እያመመዎት ግን አምስት ቢራ ይበዛል፤ ይቀንሱ። ለአራት ሳምንት የጠጡትን በዚያው ዕለት ስልክዎ ላይ ይጻፉ፣ ከነጠርሙሱ መጠን። ከዚያ ለሐኪምዎ ያሳዩት። መጀመሪያ ብቻዎን ይግቡ፤ ባለቤትዎ ኋላ ትግባ።