ሰሊጥ ወደ ጀርመንና ጃፓን፦ የፀረ ተባይ ገደቡን የት እንፈልግ?

እህቴ፣ ሰሊጥ ወደ ጀርመንና ወደ ጃፓን ልትልኪ ነው፤ የሁሉም አገር የፀረ ተባይ ገደብ፣ ማለትም ምግቡ ላይ እንዲቀር የሚፈቀደው መጠን፣ በአንድ ቦታ የሚገኝበት ዳታቤዝ አለ ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ ጥራት ቁጥጥር ላይ ስሠራ ዓመታት አልፈዋል። የብዙ አገር ገደብ ሰብስበው በክፍያ የሚያሳዩ አሉ። እኔ ግን የመጨረሻውን ቁጥር ሁልጊዜ ከአገሩ ከራሱ ምንጭ ነው የማየው። ለጀርመን የአውሮፓ ኅብረትን የፀረ ተባይ ዳታቤዝ ክፈቺ፤ የሰሊጥ ኮዱ 0401040 ነው። ጃፓን የራሷ አላት፣ በእንግሊዝኛም ይሠራል። ኮዴክስ (ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ) ላይ ያገኘሽውን ቁጥር ይዘሽ ግን ዕቃ እንዳትጭኚ። ወደቡ ላይ የሚጠየቀው የተቀባዩ አገር ሕግ ነው።

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን የጃፓን ዝርዝር ላይ አንድ ፀረ ተባይ ሰሊጥ ሥር ፈልጌ አጣሁ። ከሌለማ ገደብ የለውም ብዬ ለአለቃዬ ነገርኩት። የላቦራቶሪው ውጤት 0.03 ፒፒኤም ነበር። ገዢው አልቀበልም አለ። ለካ ጃፓን ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ገደብ ላልወጣለት ሁሉ 0.01 ፒፒኤም ነው የምትይዘው። አውሮፓም ቁጥር ካልወጣለት 0.01 ሚሊግራም በኪሎ ነው፤ ሁለቱ መለኪያዎች አንድ ናቸው። 19 ቶን በጫነ ኮንቴይነር ውስጥ ይሄ 190 ሚሊግራም ብቻ ነው። ሩብ ግራም እንኳን አይሞላም። አሜሪካ ደግሞ ገደብ ካላወጣችለት ጭራሽ እንዲገኝ አትፈቅድም።

ከቁጥሩ በፊት ግን ምን ምን ተደምሮ እንደሚቆጠር አንብቢ። ከሥራዬ ብዙውን ጊዜ የሚወስድብኝ ይሄ ነው። ጀርም ለመግደል የሚታጠንበትን ጋዝ ኤቲሊን ኦክሳይድን ውሰጂ፣ በ2020 እ.ኤ.አ. የሕንድ ሰሊጥ አውሮፓ ውስጥ ከገበያ እንዲሰበሰብ ያደረገውን። የአውሮፓ ገደብ ለሰሊጥ 0.05 ነው፤ ከእሱ የሚፈጠረው ክሎሮኤታኖልም አብሮ ይደመራል። አሜሪካ ሁለቱን ለየብቻ ትቆጥራለች፤ ለኤቲሊን ኦክሳይድ ብቻውን 7 ፒፒኤም ትፈቅዳለች። ስለዚህ ላቦራቶሪው ክሎሮኤታኖልን ሳይለካ «አልተገኘም» ብሎ የሰጠሽ ወረቀት ለጀርመን አይረባም።

ገበሬው የረጨውን ብቻ ፈልገሽም አትብቂ። በ2008 እ.ኤ.አ. ጃፓን በቡናችን ውስጥ ሊንዴንና ክሎርዴን የተባሉ ፀረ ተባዮች አግኝታ ግዢው ክፉኛ ወረደ። ዋናው ተጠርጣሪ ጆንያው ነበር። ጆንያሽ ከየት እንደመጣ፣ መጋዘኑ በምን እንደታጠነ ጠይቂና እነዚያንም ስሞች ፈልጊ።

የሻጋታ መርዙ አፍላቶክሲንና ባክቴሪያው ሳልሞኔላ በእነዚህ የፀረ ተባይ ዳታቤዞች ውስጥ የሉም፤ ሕጋቸው ሌላ ነው። ገደቦቹ ስለሚቀያየሩ ያየሽበትን ቀን ጽፈሽ ገጹን አስቀምጪ፤ ከመጫንሽ በፊትም ድገሚው።

ናሙና ከመስጠትሽ በፊት ደግሞ ላቦራቶሪውን «እስከ 0.01 ድረስ መለካት ትችላላችሁ?» በይ። መሣሪያቸው ከ0.05 በታች ካላየ ሌላ ላቦራቶሪ ፈልጊ።