የዘራሁት አውጥ አልበቀለም፤ የአምናውም ፍሬ አልያዘም፤ ለምን?

ሰላም እህቴ። ሁለት ነገር ጠይቀሻል፤ አዲስ አበባ በጥር መጀመሪያ የዘራሽው አውጥ 12 ቀን ሆኖት ለምን አልበቀለም፣ የአምናውስ 3 ባልዲ ፍግና ዩሪያ አግኝቶ፣ ከሰው ቁመት በልጦ ለምን ፍሬ አልያዘም። ምክንያታቸው ለየቅል ነው።

በቅድሚያ ስሙን እናጥራ። በብዙ ቦታ አውጥ የሚባለው ማሳ ውስጥ ራሱ የሚበቅለው፣ ጥቃቅን ጥቁር ፍሬ ያለው ነው። አንቺ የዘራሽው ግን ፍሬው ብርቱካንማ ሆኖ በስስ ከረጢት የሚጠቀለለው፣ አንዳንዶች የፈረንጅ አውጥ የሚሉት ነው። የዚህን ዘር ከገበያ ከተገዛ የበሰለ ፍሬ ማውጣትሽ ምንም ስህተት የለውም።

ዘሩ አልሞተም፤ በርዶት ነው። ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ሙቀት ካገኘ ከ10 እስከ 20 ቀን ባለው ጊዜ ይበቅላል። የጥር ሌሊት ግን ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፤ ዘሩ ያለበት ሳጥን ውጭ ካደረ ሳይበቅል ወር ሊያልፈው ይችላል። ስለዚህ አፈሩን አትድፊው። ማታ ማታ ወጥ ቤት አስገቢው፣ ላዩን በላስቲክ ሸፍኚው፣ ቀን ትንሽ እየከፈትሽ አናፍሺው።

እንደገና የምትዘሪ ከሆነ የካቲትን ጠብቂ። ሁለት በደንብ የበሰሉ ፍሬዎች ይበቃሉ፤ በአንዱ ውስጥ ብቻ ከመቶ በላይ ዘር አለ። በብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጨፍልቂያቸውና አንድ ቀን ይቆዩ። ደህናው ዘር ይሰምጣል፤ የተንሳፈፈውን ከሥጋው ጋር ድፊው። የቀረውን አጥበሽ በሳህን ላይ፣ በጥላ አድርቂ። ሶፍት ላይ ካደረቅሽው ይጣበቅብሻል። ለመዝሪያው ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰለ ኮምፖስት፣ አንድ እጅ አሸዋ ቀላቅይ። ዘሩ ደቃቅ ስለሆነ ከላይ የሚለብሰው አፈር ከግማሽ ሴንቲሜትር አይብለጥ። ከላይ ውሃ አታፍሺበት፤ ሳጥኑን ውሃ ባለው ሰፊ ዕቃ ውስጥ አስቀምጪና ከታች ይምጠጥ። ቡቃያው ከወጣ በኋላ ግንዱ አፈሩ አጠገብ ቀጥኖ ከወደቀ ሻጋታ ይዞታል። መንስኤው እርጥበት መብዛት፣ አየር ማጣትና መጨናነቅ ነው፤ አሳሺው፣ ላስቲኩንም ሙሉ በሙሉ አንሺ።

ከ6 እስከ 8 ሳምንት ውስጥ ችግኙ 15 ሴንቲሜትር ይደርሳል። ለአንድ ሳምንት ቀን ቀን እያወጣሽ ፀሐይና ነፋስ አልምጂው፤ ከዚያ በሚያዝያ መጨረሻ ትከዪው። እንዲህ ሲሆን ከሐምሌ ዶፍ በፊት ሥር ይይዛል፣ አብዛኛው ፍሬም የሚበስለው ዝናቡ ካባራ በኋላ ይሆናል። በተክሎቹ መካከል አንድ ሜትር ተዪ። ሥሩ ውሃ ከተኛበት ስለሚበሰብስ መደቡን 20 ሴንቲሜትር ከፍ አድርጊው። አምና ቲማቲም፣ ድንች ወይም ቃሪያ የነበረበት ቦታ ላይ አትትከዪ፤ ዘመዳሞች ስለሆኑ በሽታቸውም ተባያቸውም ይጋባል።

አሁን ወደ አምናው ተክልሽ። በፍግና በዩሪያ ናይትሮጅን ሲበዛ ጉልበቱ ሁሉ ቅጠልና ግንድ ላይ ይውላል። ይህ ተክል እንዲያውም ደከም ባለ አፈር የተሻለ ያፈራል። በጉድጓዱ ሁለት አካፋ የበሰለ ኮምፖስት በቂ ነው፤ ዩሪያውን ጭራሽ ተዪው። ጥላ ስር ከነበረም እዚያው ችግር አለ፤ በቀን 6 ሰዓት ያህል ፀሐይ ይፈልጋል።

አበባው የሚወጣው ቅርንጫፍ በሚከፈልበት ጉልበት ላይ ነው። ስለዚህ 30 ሴንቲሜትር ሲሆን የመሃሉን ጫፍ ቁረጪለት፤ ቅርንጫፉ ሲበዛ አበባውም ይበዛል። ከዚያ በኋላ ግን መቀስሽን አርቂ፤ ደጋግመሽ ከገረዝሽው አበባውን አብረሽ ትጥያለሽ። ቅርንጫፉ በነፋስ ስለሚገነጠል በእንጨት ደግፊው። አበባ ሲይዝና ንብ ከጠፋ፣ ረፋዱ ላይ ቅርንጫፉን ቀስ ብለሽ ነቅንቂው፤ ራሱን በራሱ ያዳቅላል።

ክሽክሽና ነጭ ዝንብ የሚባሉት ጥቃቅን ተባዮች የሚሸሸጉት ከቅጠሉ ሥር ነው፤ በየሳምንቱ ገልብጠሽ እዪ። ገና ጥቂት ሳሉ የሳሙና ውሃ ይበቃቸዋል።

ከአበባ እስከ ብስለት ከ70 እስከ 80 ቀን ይፈጃል። በዚህ ጊዜ ለቀናት አድርቀሽው ድንገት ብታጥለቀልቂው ፍሬው ይሰነጠቃል፤ ውሃው እኩል ይሁን። የመድረሱ ምልክት ከረጢቱ የገለባ መልክ ይዞ መድረቁና ፍሬው ራሱ መሬት መውደቁ ነው፤ ከሥሩ ገለባ ጎዝጉዢና በየሁለት ቀኑ ልቀሚ። አረንጓዴው ፍሬ መርዛማ ነው፤ ቅጠሉም እንዲሁ፤ ልጆች ካሉ ይህን አደራ ንገሪያቸው። የለቀምሽውን ከነከረጢቱ፣ ሳታጥቢ፣ ደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ ካስቀመጥሽው ከወር በላይ ይቆያል።

ውርጭ በሚወርድበት ሜዳ ላይ ከሆንሽ በኅዳርና በታኅሣሥ ማታ ማታ በጆንያ ሸፍኚው። ጫፉ ቢጠቁርም ግንዱ እስካልሞተ ድረስ፣ በየካቲት ከመሬት 30 ሴንቲሜትር ላይ ብትቆርጪው እንደገና ያቆጠቁጣል።