ዘይት የምትጠጣው ትንሿ ፓኮራ ናት

«ለልጄ ልደት የህንዶቹን የአትክልት ፓኮራ (በሽንብራ ዱቄት ሊጥ ተለውሶ የሚጠበሰውን) በአንድ ጉርሻ ልክ ሠርቼ ማቅረብ ፈልጌያለሁ፤ ዘይቱ ግን ይከብዳል፣ ምን ላድርግ?» ላልሽው እህቴ። ዱባይ እያለሁ ጎረቤቴ ከህንዷ ፑኔ ከተማ የመጣች ሴት ነበረች። የማውቀውን ያወቅኩት ከእሷ ኩሽና ነው።

ብዙ ሰው «ትንሽ ካደረግኳት ዘይቷም ትንሽ ነው» ይላል። ተቃራኒው ነው። ዘይት የሚገባው በውጪው ገጽ በኩል ነው። አንዷን ትልቅ ፓኮራ አራት ቦታ ስትከፋፍያት ሊጡ ያው ነው፣ ዘይት የሚነካው ገጽ ግን ይጨምራል። ስለዚህ ትልቋን በዘይት ጥበሺ ብልሽ ይሻለኛል። ትንንሿን ግን ከዘይት ድስት አውጫት።

እኔም ይህን ሳውቅ ቀጥታ ወደ ኦቨን ሮጥኩ። ቤት ያለው ሽሮ ስለነበር በሽሮ አቦካሁት፣ ውሃም አልሰሰትኩም። ውጪው እንደ ጓል ደረቀ፣ ውስጡ ሊጥ ሊጥ አለ። እንግዶቹ ለይሉኝታ አንድ አንድ አነሡ። ሁለተኛ ያነሣ የለም። ጎረቤቴ ቀምሳ ሳቀችና «ውሃ ማን ጨምሪ አለሽ?» አለችኝ።

ነገሩ ያለው እዚያ ላይ ነው። ፑኔዎች ካንዳ ባጂ የሚሉት የሽንኩርት ፓኮራ የሚቦካው በራሱ በሽንኩርቱ ውሃ ነው። ሁለት ትልልቅ ቀይ ሽንኩርት በቀጭኑ ሰንጥቂ። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ነስንሺና በእጅሽ እሺው፣ ከዚያ 15 ደቂቃ ተይው። ስትመለሺ ሳህኑ ሥር ውሃ አቁሮ ታገኚዋለሽ። እንዳትደፊው! በላዩ አንድ የተፈቀፈቀ ካሮት፣ አንድ እፍኝ የተከተፈ ቆስጣ፣ ዝንጅብልና ትንሽ እርድ ጨምሪ። ህንዶቹ አጅዋይን የሚሉት የኛው ነጭ አዝሙድ ነው። ቆንጠር አድርጊና በመዳፍሽ አሽተሽ ጣይበት፣ ሽታው ያኔ ነው የሚወጣው። ለልጆች ከሆነ ቃሪያውን ተይው።

ዱቄቱ ያልተቆላ የሽንብራ ክክ ዱቄት ይሁን። ሽሮ ተቆልቶ ቅመም የገባበት ነው፣ እኔ ዘንድ አልያዘልኝም። አንድ ኩባያ በቂ ነው፣ ግን በጥቂት በጥቂቱ ጨምሪው። ሁለት የሾርባ ማንኪያ የሩዝ ዱቄት ካከልሽበት ኮርሸም ይላል። በመጨረሻ አንድ ማንኪያ የሞቀ ዘይት ሊጡ ውስጥ ጨምሪ። የኔን ያደረቀው አንዱ ይህ መቅረቱ ነበር። እፍኝ ስትጨብጪው ከተያያዘ በቃ፣ ካልተያያዘ ውሃ በማንኪያ። አትክልቱ ከሊጡ መብዛት አለበት። ወደ 30 ፍሬ ይወጣዋል። ጨው ስለገባበት እየቆየ ይቀጥናል፣ ስለዚህ ቶሎ ጋግሪው።

አሁን ስለ መጥበሻው። በደቡብ ህንድ ያሉት ታሚል ናዱዎች ፓኒያራም የሚሉትን ድቡልቡል ጋገራ የሚጋግሩበት፣ ፑኔዎች አፔ ፓትራ የሚሉት ባለ ጉድጓድ መጥበሻ አለ። እንደ እንቁላል መያዣ ነው። ፓኒያራሙ እንደ እንጀራችን ከቦካ ሊጥ ነው የሚሠራው፣ ጎረቤቴ ግን የፓኮራ ሊጥ ትጋግርበት ነበር። በየጉድጓዱ ጥቂት ጠብታ ዘይት፣ አንድ ማንኪያ ሊጥ፣ ክዳን፣ መካከለኛ እሳት። ከ4 ደቂቃ በኋላ በእንጨት ትገለብጪና ሳትከድኚ 3 ደቂቃ ታቆይዋለሽ። የህንድ ዕቃ ሱቅ ካገኘሽ ግዢው፣ አይቆጭሽም። ለዚህ መጥበሻ ሊጡ ትንሽ ለስለስ ይበል።

ካላገኘሽ ኦቨኑን 200 ዲግሪ አድርሺ፣ ትሪውንም ዘይት ቀብተሽ አብረሽ አሙቂው። ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ይፈጅበታል፣ መሀል ላይ ገልብጪው። ኤር ፍራየርም (በሞቀ አየር የሚያበስለው ዕቃ) ይሠራል፣ ግን ጥቂት ጥቂት ስለሚይዝ ለልደት እንግዳ ስትደጋግሚ ትውያለሽ።

ማጥቀሻው ናና፣ የድምብላል ቅጠል፣ ሎሚና ጨው አብሮ የተፈጨ ነው። እርጎ ካከልሽበት ለልጆች ይለሰልሳል፣ እንግዳሽ ጿሚ ከሆነ እርጎውን ለብቻ አቅርቢው። ፓኮራው ራሱ የጾም ነው።

ጠዋት ጋግረሽ ከሰዓት ማቅረብ ትችያለሽ፣ ኦቨን ውስጥ 6 ደቂቃ መልሰሽ አሙቂው። ትኩሱን በፎይል አትክደኚው፣ በእንፋሎቱ ይልፈሰፈሳል። ቆስጣውንም በጣም አድቅቂው። ካሮቱን ልጆቹ ልብ አይሉትም፣ አረንጓዴ ካዩ ግን ያወጡታል።