ለኦ ኔጌቲቭ ታካሚ ደም ፍለጋው ከራሷ ይጀምራል

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አነበብኩት። ባለቤትህ የማህፀን ማዮማ (እጢ) ኦፕሬሽን ቀጠሮ ይዛ ነበር፤ ደሟ ኦ ኔጌቲቭ ስለሆነ «ደም ሳይዘጋጅ አንገባም» ተብላ ተመለሰች። አንተ ደግሞ ኦ ፖዘቲቭ ነህ፣ «የኔን ለምን አይወስዱም? ለጋሽስ ከየት ላምጣ?» ነው ያልከው። እግዚአብሔር ይማርልህ። እዚሁ ጎንደር ኦፕሬሽን ክፍል በሰመመን ሙያ ስለምሠራ እንዲህ ያለ ታካሚ ደጋግሞ ይገጥመኛል።

መጀመሪያ ያንተን ልመልስ። ኦ ኔጌቲቭ የሚቀበለው ከኦ ኔጌቲቭ ብቻ ነው። ፖዘቲቭ ደም ብትወስድ ሰውነቷ ፖዘቲቭ ደምን የሚያጠቃ ፀረ እንግዳ አካል ሊያመርት ይችላል፣ ያ ደግሞ ወደፊት የምታረግዘውን ፖዘቲቭ ልጅ ይጎዳል። መውለድ ለምታስብ ሴት ደግሞ የደም ዓይነቱ ቢገጥም እንኳ የባል ደም አይመረጥም፤ ምክንያቱ ይኸው የፅንሱ ጉዳይ ነው። ከዚህ በፊት ወልዳ፣ አስወርዷት ወይም ደም ወስዳ ከሆነ ለሐኪሙ አስቀድማችሁ ንገሩ። ላብራቶሪ ክሮስ ማች (የለጋሹና የታካሚዋ ደም መስማማቱን የሚያይ ምርመራ) ሲሠራ ይህ ታሪክ ብዙ ይረዳዋል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ሰው ሁሉ ለጋሽ ፍለጋ ሲሮጥ የታካሚዋ የራሷ ደም ይረሳል። ማዮማ ያለባት ሴት በየወሩ ብዙ ስለሚፈሳት አብዛኛውን ጊዜ ደሟ አንሶ ነው የምትመጣው። ሄሞግሎቢኗ፣ ማለትም የደም ማነሷን የሚያሳየው የምርመራ ቁጥር፣ ስንት ነው? 8 ይዛ የምትገባና 12 ይዛ የምትገባ ሴት እኩል ደም ቢፈሳቸው አንዷ ደም ያስፈልጋታል፣ ሌላዋ ላያስፈልጋት ይችላል። ስለዚህ ቀጠሮው የተላለፈበትን ጊዜ ተጠቀሙበት። የአይረን ኪኒን በደንብ ከተወሰደ በሦስት አራት ሳምንት ውስጥ ሄሞግሎቢን ወደ 2 ገደማ ከፍ ሊል ይችላል። ኪኒኑ ካልተስማማት ወይም ጊዜው ካጠረ በደም ሥር የሚሰጥ አይረን አለ፣ ጠይቁ። የወር አበባውን እስከ ኦፕሬሽኑ የሚያቆም መድኃኒት ይኖር እንደሆነም የማህፀን ሐኪሙን አማክሩ። አንድ ነገር አደራ፦ ኪኒኑን በቡና ወይም በሻይ አትውሰድ፣ ቡናው ቢያንስ አንድ ሰዓት ይቆይ። እኛ አገር ምሳ እንደተበላ ቡና ስለሚፈላ መድኃኒቱ ሳይሠራ የሚቀረው በዚህ ነው። ብርቱካን ወይም ሎሚ ግን ያግዛል። የሆድ ትላትልና ወባም ትመርመር፤ ደም እየበሉ ከሆነ ኪኒኑ ብቻውን አይበቃም።

ከደባርቅ አካባቢ የመጣች አንዲት ቢ ኔጌቲቭ እናት አስታውሳለሁ። አስቀድማ በአይረን ተዘጋጅታ፣ ኦፕሬሽኑ ላይም መድማትን የሚቀንሰው ትራኔክሳሚክ አሲድ ተሰጥቷት፣ የተያዘላት የደም ከረጢት ሳይነካ ወጣች። እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ ደሙ እስኪፈለግ ድረስ ማቀዝቀዣው ውስጥ ይቆይ። ከወጣ 30 ደቂቃ ካለፈው ተመልሶ አይቀመጥም። አስታማሚ «ለማንኛውም» ብሎ ቀድሞ አውጥቶ ብርቅ ደም ሲበላሽ ማየት ያማል።

ለጋሽን በተመለከተ፣ በእናት በአባት አንድ የሆኑ እህት ወንድሞቿ ከሌላ ሰው ይልቅ የመግጠም ዕድል አላቸው፤ ሁሉም ይመርመሩ። ነገር ግን የቅርብ ሥጋ ዘመድ ደም አልፎ አልፎ ለሕይወት የሚያሰጋ ችግር ስለሚያመጣ ዝምድናውን ለደም ባንኩና ለሐኪሙ ሳትናገሩ አታሰጡ። ሌላ ለጋሽ ካለ እሱ ይቅደም። ከመተማ ወይም ከቋራ የሚመጣ ዘመድ በቅርቡ ወባ ይዞት ከነበረ ለጊዜው አይለግስም፤ በከንቱ እንዳታደክሙት። ደሞ ሁሉንም ለጋሽ ዛሬውኑ አታሰልፉ። የተለገሰ ደም በተለመደው ከረጢት 35 ቀን ነው የሚቆየው፣ ለጋሹም ለሦስት ወር ያህል ተመልሶ አይሰጥም። ቀጠሮው ሲታወቅ በሳምንቱ ውስጥ የሚጠሩ፣ ስልካቸው የተያዘ ሁለት ሦስት ሰዎች ቢኖሩህ ይሻላል። ክረምት ከሆነ ተማሪው ስለሚበተን ለጋሽ ይሳሳል፣ ቀደም በሉ።

እግረ መንገዴን፣ ከታች «የኔ ኤቢ ኔጌቲቭ ነው» ያልሽው እህት፣ ደምሽ ከሷም ይልቅ ብርቅ ነው፤ ቢሆንም ቀይ ሴሉ ተለይቶ ሲሰጥ ከአራቱም ኔጌቲቭ መቀበል ትችያለሽ።

ደም በገንዘብ አገኛለሁ የሚል ደላላ ቢመጣብህ አትስማው። ደም ባንክ የሚሰጠው ደም ለኤች አይ ቪ፣ ለሄፓታይተስ ቢና ሲ እንዲሁም ለቂጥኝ ተመርምሮ ነው፣ ለታካሚም አይሸጥም።

የሄሞግሎቢኗን ቁጥርና አዲሱን የቀጠሮ ቀን እዚህ ጻፍልኝ። በዚያ ተነስተን አይረኑ ይደርሳል ወይስ ቀኑ ይገፋ ብለህ ሐኪሟን የምትጠይቀውን አብረን እናያለን።