ግራይንደር ከማንሳታችሁ በፊት፦ በአሮጌ ፒካፕና ሚኒባስ ለምትሠሩ ልጆች

ውድ ልጆቼ፣

የምጽፍላችሁ ከቃሊቲ ነው። የሙያ ዘመኔን በሙሉ ያሳለፍኩት እዚሁ፣ በአቃቂ መንገድ ዳር ባሉ ጋራዦች በባትላሜራነት፣ የመኪና አካል ላሜራ በማቃናትና በመበየድ ነው። ጡረታ ብወጣም ሰፈሩን ስላልለቀቅኩ አሮጌ የቶዮታ ሀይሉክስ ፒካፕ፣ የቮልስዋገን ኮምቢ ሚኒባስ ወይም ላንድሮቨር እየገዛችሁ ስታመጡ አያለሁ። ለአሮጌ መኪና ያላችሁ ፍቅር ደስ ያሰኘኛል። የሚያሳስበኝ ግን ችኮላችሁ ነው። ስልካችሁ ላይ ካያችሁት ፎቶ ጋር ያልተመሳሰለውን ላሜራ ሁሉ «ተበላሽቷል» ብላችሁ ትቆርጡታላችሁ። ብዙ ጊዜ የምትቆርጡት ግን ምንም ያልተበላሸ ነገር ነው፤ ለሌላ አገር፣ በሌላ ሕግ የተሠራ ነው እንጂ።

ከፒካፕ ካሶኒ፣ ማለትም ከኋላ ካለው የጭነት ሳጥን፣ ልጀምር። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካና አውሮፓ በዶሮ ሥጋ ንግድ ተጣሉ። እነ ምዕራብ ጀርመንና ፈረንሳይ ከአሜሪካ በሚገባ ዶሮ ላይ ቀረጥ ሲያከብዱ፣ አሜሪካ በበኩሏ ከውጭ በሚገቡ ቀላል የጭነት መኪኖች ላይ 25 በመቶ ጣለች። ጃፓኖቹ መላ አላጡም። ካሶኒ ያልተገጠመለት መኪና 4 በመቶ ብቻ ይከፍል ስለነበር፣ ሻንሲውን (መኪናው የሚቆምበትን የሥር ብረት) እና ካቢናውን ብቻ በመርከብ ልከው ካሶኒውን እዚያው አሜሪካ ያስገጥሙ ጀመር። ቶዮታ ከ1972 ጀምሮ ካሶኒ ያሠራ የነበረው በካሊፎርኒያ፣ ሎንግ ቢች ነው። በዚህ መንገድ መግባት የተከለከለው በ1980 ነው። እንግዲህ በአንድ ስምና በአንድ ዓመት የወጡ ሁለት ሀይሉክሶች ከካቢናቸው ጀርባ የተለያየ ላሜራ ቢኖራቸው ምን ይገርማል? የአሜሪካው ጎኑ ልሙጥ ነው። እኛ የምናውቀው ግን በጎኑ ላይ የገመድ ማሰሪያ መንጠቆዎች ተደርድረውበታል። አንድ ጎበዝ ልጅ እነዚህን መንጠቆዎች ፍቆ፣ ስቱኮ መትቶ፣ አስውቦ ሲቀባው አይቻለሁ። እጁ የተባረከ ነው፤ እንከን አላገኘሁበትም። መኪናው ግን ለጤፍ ጆንያና ለሽንኩርት ጭነት መሠራቱን የሚናገረው ምልክት በዚያው ጠፋ።

ሌላው ነገር መሪ ነው። አገራችን በቀኝ መንዳት የጀመረችው በ1956 ዓ.ም. ነው። ጃፓንና እንግሊዝ ግን እስከ ዛሬ በግራ ነው የሚነዱት። ከጃፓን አገር ውስጥ ገበያ የወጣ ቫን መሪው በቀኝ፣ ተንሸራታች በሩ ደግሞ በግራ ነው። መሪው ከቀኝ ወደ ግራ ዞሮ የመጣ መኪና ሲገጥማችሁ ክሩስኮቱ (ዳሽቦርዱ) አማረ ብላችሁ አትለፉት። የዝናብ መጥረጊያውን አስነስታችሁ እዩ። አጠራረጉ ለቀኝ ሾፌር እንደተሠራ ከቀረ፣ በግራ የተቀመጠው ሾፌር ፊት ለፊት ሳይጠረግ የሚቀር ማዕዘን አለ። ክረምት ላይ፣ ጨለማ ሲሆን፣ ከደብረ ዘይት መንገድ የሚመጣ ከባድ መኪና ሲገጥመው ይህ ማዕዘን ሰው ሊያስጨርስ ይችላል። የፊት መብራቱም እንዲሁ ነው። ለግራ መንገድ የተሠራ አጭር መብራት ብርሃኑን ወደ ግራ ከፍ ስለሚያደርግ፣ እኛ አገር ከፊት የሚመጣውን ሾፌር ዓይን ይወጋል። እዚህ ላይ የአገር ልዩነቱን ጠብቁ አልላችሁም፤ ለውጡት። የቀድሞውን መብራት ግን ጠቅልላችሁ አስቀምጡት።

ከፊት ፓራፋንጎ (ከጎማው በላይ ያለው ላሜራ) ላይ፣ በግራም በቀኝም፣ የተደፈነች ቀዳዳ ካገኛችሁም ግጭት ነው ብላችሁ አትደምድሙ። ጃፓን እስከ 1983 እ.ኤ.አ. በር ላይ የሚገጠም ስፖኪዮ አትፈቅድም ነበርና፣ የዚያ ዘመን መኪኖች ስፖኪዮ ፓራፋንጎ ላይ ነበር። የትናንሾቹ ቫኖች ጥበትም ከሕግ የመጣ ነው። በጃፓን አነስተኛ የግብር መደብ ውስጥ ለመግባት እስከ 1975 መኪናው ከ3 ሜትር መርዘም፣ ሞተሩም ከ360 ሲሲ መብለጥ አልነበረበትም። ቀጥሎ 3.2 ሜትርና 550 ሲሲ ሆነ።

ኮምቢ ገዝታችሁ የቡና መሸጫ ለማድረግ ለምታስቡ ደግሞ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የፊት መስታወቱ ለሁለት የተከፈለው ኮምቢ በጀርመን የቆመው እ.ኤ.አ. በ1967 ነው፤ ብራዚል ግን እስከ 1975 ሠርታዋለች። ከዚያ በኋላም የብራዚሉ ኮምቢ ፊቱ አዲስ፣ ጎኑ አሮጌ ሆኖ ቀጠለ። ጀርመኑ በ1967 የያዘውን ተንሸራታች በር ብራዚሉ እስከ 1997 አላገኘም፤ እንደ ቁም ሳጥን የሚከፈት በር ነበረው። ምርቱ ጨርሶ የቆመውም በ2013 መጨረሻ ነው። እንግዲህ በስም ብቻ አምናችሁ በር ወይም የመስታወት ጎማ አትዘዙ። ሜትር ይዛችሁ ለኩ፤ ወደ መኪና ዕቃ ገበያው ወደ ሶማሌ ተራ ስትወርዱም አሮጌውን ዕቃ ይዛችሁ ውረዱ።

ላንድሮቨር ሲመጣ መዶሻችሁን ቀየር አድርጉ። እ.ኤ.አ. በ1948 ሲጀመር በእንግሊዝ ከጦርነቱ በኋላ ብረት በራሽን ስለነበር አካሉን በአሉሚኒየም ሠሩት፤ አሠራሩም እንደዚያው ቀረ። አሉሚኒየም ስትደበድቡት ቶሎ ይለጠጣል፤ በእሳት ሲሞቅም ቀለሙን ሳይለውጥ ድንገት ይቀልጣል። ብረትና አሉሚኒየም እርጥበት ባለበት በተነካኩ ቁጥር አሉሚኒየሙ ነጭ ዱቄት እየሆነ ይበላል፤ በመካከላቸው ጎማ ወይም ቀለም ይግባ። ለሞቃት አገር የተላኩት ደግሞ ጣሪያቸው ድርብ ነው፤ በሁለቱ መካከል አየር ያልፋል። የላይኛውን «ትርፍ ክብደት ነው» ብሎ ያስነሳ ሰው አውቃለሁ። ቆላ ሲወርድ ምን እንደሚሰማው ራሱ ይነግራችኋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። የጃፓኑን፣ የብራዚሉን፣ የእንግሊዙን ልዩነት ስታጠኑ የኛንም እንደ አንድ ልዩነት ቁጠሩት። በፒካፕ ሻንሲ ላይ የተሠራው ውይይት ታክሲ፣ ተሳፋሪው በሁለት ረዣዥም አግዳሚዎች ፊት ለፊት የሚቀመጥበት፣ ከኋላ የሚገባበት፣ የትኛውም ፋብሪካ አልሠራውም። የሠሩት የኛ ባትላሜራዎች ናቸው። በአይሱዙ የጭነት ሻንሲ ላይ የተነሣው ቅጥቅጥ አውቶቡስም እንደዚሁ ነው። ፋብሪካ በፕሬስ (በትልቅ መጫኛ ማሽን) አንድ ጊዜ ተጭኖ ወደ ሁለት አቅጣጫ የጎበጠ ላሜራ ያወጣል። እኛ ፕሬስ ስላልነበረን ላሜራውን በቱቦ ላይ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነበር የምናጎብጠው። ጎኑ ሜዳ የሆነው፣ ጠርዙ ታጥፎ ድርብ የሆነው፣ ከውስጥ የብረት አጥንት የበዛበት ለዚህ ነው። ላሜራውም ከፋብሪካው ወፈር ያለ ነው፤ ክብደት ጨምሯል፣ በምትኩ ግን ማንኛውም የገጠር ከተማ በያዢ ሊጠግነው ይችላል። ይህ የእውቀት ማነስ ውጤት አይደለም። ባለው መሣሪያ፣ ላለው መንገድ የተሰጠ መልስ ነው፤ እኔ በእውነት እኮራበታለሁ።

እናንተ ግን እንዲህ ያለ አካል ስታገኙ «ወደ ኦርጅናል እንመልሰው» ብላችሁ ትነቅሉትና ላሜራውን ለቁራሌ ትሸጡታላችሁ። ከውጭ የመጣው ካሶኒ በብዙ ሺህ ተመርቷል፤ ፎቶውም ልኩም አለ። የኛው ግን ንድፍ አልነበረውም። ልኩ የነበረው በሠሪው እጅና ዓይን ውስጥ ነው፤ እነዚያ ሰዎች ደግሞ እያረጁ ነው።

ስለዚህ ከመንቀላችሁ በፊት ከአራቱም ወገን፣ ከሥርም ከውስጥም ፎቶ አንሱ። የጣሪያውን ቅስት በካርቶን ላይ ቅዱት። አግዳሚው ከወለሉ በስንት ሴንቲሜትር እንደተነሣ፣ በሁለቱ መካከል ለጉልበት ስንት እንደተተወ፣ ላሜራው ስንት ሚሊሜትር እንደሆነ ደብተር ላይ ጻፉ። ጋራዣችሁ አጠገብ የቆየ ባትላሜራ ካለ ሻይ ጋብዙና ብየዳውን ከየት እንደጀመረ፣ አጥንቱን በምን እንዳጎበጠ ጠይቁት። የተናገረውን እንደተናገረው ጻፉት፤ ስሙንም አብራችሁ።