«ተዋረድ» ወይስ «መሰላል»?

ጥያቄ፦ ሕያዋን ፍጥረታትን ሁሉ በማዕረግ ስለ ደረደረው የቀድሞ የአውሮፓ አስተሳሰብ የሚናገር ጽሑፍ እየተረጎምሁ ነው። «የፍጥረታት ተዋረድ» ልበል፣ «የፍጥረታት ሰንሰለት» ወይስ «የተፈጥሮ መሰላል»?

መልስ፦ ሦስቱም ጥሩ አማርኛ ናቸው፤ የሚሥሉት ሥዕል ግን አንድ አይደለም። «ተዋረድ» ከ«ወረደ» የወጣ በመሆኑ አቅጣጫው ከላይ ወደ ታች ነው፤ መመሪያ ከክልል ተነሥቶ በዞንና በወረዳ በኩል ቀበሌ ሲደርስ «በተዋረድ ተላለፈ» የምንለውም ስለዚህ ነው። የዚህ አስተሳሰብ ምንጭ የሆነው የጥንቱ ግሪካዊ ፈላስፋ አርስቶትል ግን የጀመረው ከታች ነበር። ተፈጥሮ ሕይወት ከሌለው ነገር ተነሥታ ጥቂት በጥቂት ወደ እንስሳ እንደምትሻገር ጽፏል፤ የባሕር ስፖንጅንም ከተክል ጋር እጅግ የሚመሳሰል ሆኖ አግኝቶታል። በእርሱ ትምህርት ተክል ይመገባል፣ ያድጋል፤ እንስሳ በዚህ ላይ ስሜት ይጨምራል፤ ሰው ደግሞ በሁለቱም ላይ ማሰብን፣ የግእዝ መጻሕፍት «ነባቢት ነፍስ» ብለው ያማረ ስም የሰጡትን ማለት ነው። የኋላ ሊቃውንት ይህን ሐሳብ በላቲን «ስካላ ናቱሬ» አሉት፤ «ስካላ» መሰላል ስለ ሆነ «የተፈጥሮ መሰላል» ከምንጩ ጋር የሚስማማ ትርጉም ነው።

«ሰንሰለት» የሚስማማው ከመካከለኛው ዘመን ሥዕል ጋር ነው፤ በዚያ ፍጥረት ሁሉ፣ ከመላእክት እስከ ድንጋይ፣ ከፈጣሪ ተንጠልጥሎ እንደሚወርድ ይታሰብ ነበርና። ሆኖም ተማሪዎቻችን «የምግብ ሰንሰለት»ን አስቀድመው ስለሚያውቁ፣ ማን ማንን እንደሚበላ የሚነገር ሊመስላቸው ይችላል፤ ስለዚህ መነሻ ጽሑፍዎ ራሱ ሰንሰለት ካላለ ባይጠቀሙበት እመርጣለሁ። «ተዋረድ»ን ደግሞ ምሳሌያዊውን ሥዕል ትተው ማዕረጉን ብቻ ለመግለጽ ያቆዩት።

ከስያሜው ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ፣ መሰላሉ ከተተወ በኋላም «ዝቅተኛ እንስሳት» የሚለው አነጋገር በዛሬ የሥነ ሕይወት ጽሑፎች ውስጥ ሳይጠፋ መቆየቱ ነው። ዳርዊን ስለ ዝርያዎች አመጣጥ እ.ኤ.አ. በ1859 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ያለው ብቸኛ ሥዕል ቅርንጫፍ እያወጣ የሚሄድ ነው እንጂ መወጣጫ አይደለም። «ዝግመተ ለውጥ» የሚለው ስያሜያችንም በቀስታ መለወጥን እንጂ ወደ ላይ መውጣትን ስለማይናገር በሚገባ የተመረጠ ነው። እንግዲህ ፍጥረታትን በደረጃ የደረደረውን የስዊሱን የተፈጥሮ ተመራማሪ የቦኔን የ1745 (እ.ኤ.አ.) ሠንጠረዥ የመሰለ የጥንት ሐሳብ ሲተርኩ «ዝቅተኛ» ማለት ተገቢ ነው፤ ስለ ትልና ስለ ቀንድ አውጣ በራስዎ ቃል ሲጽፉ ግን «አከርካሪ የሌላቸው» ይበሉ።