ቤታችን ዋጋው ጨመረ፤ ወጪያችንስ ይጨምር?

ጥያቄ፦ ፍኖተ ሰላም ውስጥ በወር 8,000 ብር የምናከራየው ቤት አለን፤ ዛሬ 3 ሚሊዮን ብር ይገመታል። ባለቤቴ «ባንክ ብድር እያቀለለ ነው፤ ቤቱን አስይዘን 200,000 ብር እንበደርና የልጃችንን ሰርግ እንደግስ» ይላል። የፋይናንስ ገበያ ሲከፈት ሰው ከሀብቱ አንፃር ብዙ ያወጣል ሲባልም ሰምቻለሁ። እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። ብድር በኮታ ሲሰጥ ቤት መጠለያና ኪራይ ብቻ ነው፤ ዋጋው ቢያሻቅብም ሳይሸጡት ጤፍ አይገዙበትም። ገደቡ ሲነሳ ያው ቤት መያዣ ይሆናል፤ ሀብቱ ባለበት ወጪው ይጨምራል። ስዊድን በ1985 እ.ኤ.አ. የባንክ ብድር ጣሪያን ስታነሳ ቤተሰቦች ከገቢያቸው በላይ ማውጣት ጀመሩ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የቤት ዋጋ ወደቀ፤ ዕዳው ግን እንዳለ ቀረ።

እኛም ዘንድ ከሐምሌ 2016 ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰናል፤ በታኅሣሥ 2017 የጸደቀው አዋጅም ለውጭ ባንኮች በር ከፍቷል። የቤትዎ ግምት ያደገው ሲሚንቶውና ብረቱ ስለተወደደ ከሆነ ግን አልከበሩም፤ ቢሸጡት መልሰው የሚገዙበት ያንኑ የመሰለ ቤት ነው።

አሁን ስሌቱን ይዩት። በዓመት 18 በመቶ ወለድ፣ በ3 ዓመት የሚከፈል 200,000 ብር በየወሩ 7,230 ብር ገደማ ያስከፍላል። ከመጀመሪያው ወር ክፍያ 3,000 ብሩ ወለድ ነው። በ36 ወር ከ60,000 ብር በላይ ለወለድ ብቻ ይወጣል። ከኪራዩ የሚተርፈው 770 ብር የኪራይ ግብሩንም ላይሸፍን ይችላል፤ ተከራይ ለ2 ወር ቢለቅማ ከጓዳ ይወጣል። ቤቱ በዓመት የሚያስገባው የግምቱን 3.2 በመቶ ብቻ መሆኑንም አይርሱ። ለድግስ ቤት አታስይዙ እንላለን። ሰርጉን ለከርሞ ጥር ቢያሻግሩት የዓመቱ ኪራይ 96,000 ብር ይጠራቀማል፤ ድግሱም በዚያው ልክ ይሁን።

ጥያቄ፦ ቢቸና አካባቢ አራሽ ነኝ። በሬዎቼን አስይዤ ማዳበሪያ ልግዛ?

መልስ፦ ይቻላል። በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147 ከብትና ሰብልን የመሰለ ተንቀሳቃሽ ንብረት በመያዣነት እንዲመዘገብ ይፈቅዳል። ይህ ብድር ምርት ስለሚያመጣ ከሰርጉ ይለያል። አደጋው ጊዜው ላይ ነው፦ ገንዘብ እጅዎ የሚገባው ጤፉ ተወቅቶ ሲሸጥ ሆኖ ሳለ ክፍያው ከነሐሴ ጀምሮ በየወሩ ከተጠየቀ በሬው በክረምት ይሸጣል። ሳይፈርሙ በፊት ዋናው ብድር ጥር ወይም የካቲት ላይ እንዲከፈል ያስጽፉ።